ከጌሙ ተቆርጦ፣ ከዲስኩ ሳይጠፋ፦ የ«ሲዝ ሎርድስ» የይዘት ማስመለሻ ሞድ ሲገመገም

«ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2፦ ዘ ሲዝ ሎርድስ» አጀማመሩ ያማረ፣ አጨራረሱ የተበጠሰ የስታር ዎርስ ጌም ነው። ኦብሲዲያን የተባለው ጌም ሠሪ ድርጅት ከአንድ ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሠራው፤ አሳታሚው ሉካስአርትስ ለገና ገበያ አድርሶ በዲሴምበር 2004 ለኤክስቦክስ፣ በፌብሩዋሪ 2005 ደግሞ ለኮምፒውተር አወጣው (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥድፊያው የት እንደበላው ለማየት የመጨረሻው ፕላኔት ማላኮር 5 ላይ መድረስ ይበቃል። እስከዚያ ድረስ በስንት ሰዓት ጨዋታ የተገነቡት ጓዶች አንድ በአንድ ከዓይን ይሰወራሉ። ጎቶ የተባለው ሮቦት ጓድ ትንሿን ሮቦት ሪሞትን መንገድ ላይ ይገታታል፣ ሊፋለሙ ነው ሲባል ትዕይንቱ ይቋረጣል፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ተጫዋቹን ስታስተምር የቆየችው ክሬያ ስለወደፊቱ ጥቂት ትንቢት ተናግራ ትሞታለች፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር መውረድ ይጀምራል። ጌሙን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ይህን አንቀጽ አንብቦ ከሆነ አዝናለሁ፤ ከታችም ተመሳሳይ ነገር አለ።

ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን የተሠራው ሞድ (ወጥቶ ባበቃ ጌም ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲኤስኤልአርሲኤም ይባላል። ነፃ ነው፤ የሠሩትም ተጫዋቾች ናቸው እንጂ ድርጅቱ አይደለም። ከእነሱ በፊት ቲም ጊዝካ የተባለ ቡድን ያንኑ ሥራ ጀምሮ ለዓመታት ሲያስጠብቅ ቆይቶ ሳያጠናቅቅ ቀረ። ይኸኛው በ2009 የመጀመሪያ ሙሉ ዕትሙን አወጣ፣ በ2012 የ1.8 ተከታታይ ላይ ደረሰ፣ አሁን የሚወርደው 1.8.6 ነው። ይህ ጽሑፍ የሚገመግመው እሱን፣ በኮምፒውተር ላይ ሲጫን ነው።

አስቀድሞ አንድ የተለመደ ስህተት ይስተካከል። ሞዱ «አዲስ ታሪክ የጻፉበት» ይመስላቸዋል ብዙዎች። አይደለም። ጌም ሠሪ አንድን ነገር «ቆረጥኩት» ሲል ብዙ ጊዜ ሰረዝኩት ማለቱ አይደለም። መውጫው ቀን ሲቃረብ ፋይል መሰረዝ ራሱ አደጋ ነው፤ ያ ፋይል ሌላ የት የት እንደተጠራ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አይገኝም፣ አንዱን ሲጎትቱ ሌላው ይናዳል። ስለዚህ ወደ ክፍሉ የሚያስገባው በር ይታሸጋል፣ ክፍሉ ግን ከነዕቃው እዚያው ይቀራል፣ ከጌሙም ጋር ይሸጣል። ይህ ልማድ ያስቀጣበት ጊዜም አለ። «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ውስጥ ተዘግቶ የቀረ የወሲብ ትዕይንት በ2005 ሞደሮች ሲከፍቱት የጌሙ የዕድሜ ደረጃ በአሜሪካ ለአዋቂ ብቻ ወደሚለው ከፍ ተደረገ፣ ሱቆችም ከመደርደሪያ አወረዱት።

«ሲዝ ሎርድስ» ውስጥ የታሸጉት በሮች በብዛት የንግግር በሮች ናቸው፤ ሞዱ የሚሠራውን ለመረዳት አንዷን ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በዚህ ጌም አንድ ንግግር ሦስት ቦታ ተበትኖ ይኖራል። ጽሑፉ ዳያሎግ ዶት ቲኤልኬ በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ በተራ ቁጥር ተመዝግቧል። ድምፁ ስትሪምቮይስ በሚባለው ፎልደር ሥር በየቦታው ስም ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ማን ከማን ቀጥሎ ምን እንደሚል የሚወስነው ደግሞ ዲኤልጂ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ነው። ዲኤልጂ ዛፍ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ «ይባል ወይስ ይለፍ» ብላ የምትፈርድ ትንሽ ስክሪፕት ተንጠልጥላለች። ስክሪፕቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው የአንድ ተለዋዋጭ ዋጋን ነው፦ ተጫዋቹ እገሌን አግኝቶታል? ያኛው ተልዕኮ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?

የተቆረጠ ንግግር ሲገኝ ጽሑፉም ድምፁም በቦታቸው ናቸው። የጎደለው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ወደ እሱ የሚወስድ ቅርንጫፍ የለም፣ ወይ ስክሪፕቷ የምትጠብቀውን ተለዋዋጭ በጌሙ ውስጥ ማንም አይሞላውም። በሁለተኛው ሁኔታ መልሱ አንድ መስመር ስክሪፕት ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው ገብስ ነው። የመጀመሪያው ግን ገጸ ባሕርይዋ የት ቆማ፣ ካሜራው ከየት አይቷት፣ ከማን በኋላ እንደምትናገር መወሰን ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ ነው የሞደሩ ችሎታ የሚታየው። ድምፅ ያልተቀረጸለት ንግግር ደግሞ ጨርሶ ሌላ ጣጣ ነው። ወይ ከሌላ ቦታ ቃል ቆርጦ መቀጠል፣ ወይ በዝምታ ማሳለፍ፣ ወይ መተው። ይህ ሞድ ሊሠራ የቻለበት ዋናው ምክንያት የድምፅ ተዋንያኑ ሥራ ከመቆረጡ በፊት ተቀርጾ መጠናቀቁ ነው። ተመሳሳይ ዕድል ያላገኙ ስንት ጌሞች ጽሑፋቸው ብቻ ተርፎ ቀርቷል።

አሁን ወደ ውጤቱ። ሞዱ የሚያኮራው ማላኮር ላይ ነው። የጎቶና የሪሞት ፍጥጫ መቋጫ ያገኛል። ከጓዶቹ አንዱ አተንና ከጠላቶቹ አንዱ ሳይዮን ፊት ለፊት የሚገናኙበት ትዕይንት ተመልሷል፤ አተን ማን እንደነበረ በመርከቡ ላይ አውጣጥቶ ለሰማ ተጫዋች ይህ ግጥሚያ የሚገባውን ዋጋ ይከፍላል። በድሮው ጌም የመጨረሻው ምዕራፍ ሰው የሌለበት ረጅም ኮሪደር ነበር፤ አሁን ታሪኩ በመንገድ ላይ የያዛቸውን ሰዎች ሳይጥል ይጨርሳል። ፍጹም አይደለም። አንዳንድ ትዕይንት ላይ ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘልበት ፍጥነት የተቀጠለበትን ስፌት ያሳብቃል፤ አልፎ አልፎም የድምፁ መጠን ከጎኑ ካለው ንግግር ዝቅ ይላል። ግን ሞዱን ለአዲስ ተጫዋች ሰጥቶ «የተመለሰው የትኛው ነው?» ቢባል አብዛኛውን አይለይም። ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

የሚያደክመው ክፍል የኤችኬ ፋብሪካ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ ወደ ፕላኔቱ ቴሎስ ሲመለሱ ሮቦት ጓዱ ኤችኬ-47 የሚያሳድዱትን የኤችኬ-50 ሮቦቶች ምንጭ ፈልጎ ብቻውን ይገባል። የሚናገረው ሁሉ ያስቃል፤ ከኤችኬ-51ዎቹ ጋር የሚያደርገው ክርክር በጌሙ ውስጥ ካሉት ምርጥ ንግግሮች አንዱ ነው። በንግግሮቹ መካከል ያለው ግን ኮሪደር፣ ሮቦት፣ ኮሪደር፣ ሮቦት ነው። ይህ ጌም ውጊያው የሚጥመው ሦስት ሰው ተደጋግፎ ሲዋጋና ፎርስ የሚባለው ልዩ ኃይል ሲቀላቀልበት ነው፤ አንድ ሮቦት ጠብመንጃ ይዞ ብቻውን ሲተኩስ ሥርዓቱ ባዶነቱ ይታያል። እንደኔ ግምት የዋናው ቡድን ሰዎች ጊዜ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ደረጃ ግማሹን ራሳቸው ይቆርጡት ነበር። የተቆረጠ ሁሉ በጥድፊያ ብቻ የተቆረጠ አይደለም፤ አንዳንዱ ስለማይሠራም ነው።

ፋብሪካውን ማየት የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት፣ ኤችኬ-47 ካልታደሰ በሩ አይከፈትም። መርከቡ ላይ ተኝቶ ሲገኝ የሚጎድሉት 4 ክፍሎች ናቸው፦ መናገሪያው፣ አካሉ፣ መቆጣጠሪያ ክምችቱና አንጎለ ኮምፒውተሩ። እነዚህን በየፕላኔቱ እያገኙ ቶሎ መሰብሰብ፣ ከተነሳ በኋላም ከኤችኬ-50 ጋር ውጊያ በተደረገ ቁጥር ወደ መርከቡ ተመልሶ ማናገር ነው። ወደ ቴሎስ ከመመለስ በፊት ያለውን ምርጥ ጠብመንጃና የሮቦት ትጥቅ ይልበስ፤ የመጠገኛ ኪትም ከ10 ባላነሰ ይያዝ፣ ምክንያቱም ሮቦት በሰው መድኃኒት አይታከምም። ከዚያ በፊት ለብቻው የተለየ ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታ) መያዝ ግድ ነው። ያላዘጋጁት ኤችኬ ፋብሪካው ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም።

ሞደሮቹ ካስመለሱት ይልቅ ያላስመለሱት ነገር የበለጠ ያስመሰግናቸዋል። ፋይሎቹ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ ቢጨምሩ ማንም አይከለክላቸውም ነበር፤ «ሙሉ በሙሉ ተመለሰ» የሚለው ማስታወቂያም ይስባል። እነሱ ግን አንድ ንግግር በኋላ ከተጻፈ ሌላ ንግግር ጋር የሚጋጭ ከሆነ ትተውታል። ረቂቅ ታሪክ ሲጻፍ ሁለትና ሦስት አማራጭ ይሞከራል፤ አንዱ ሲመረጥ ሌሎቹም ፋይል ውስጥ ይቀራሉ። ሁለቱን አብሮ መመለስ ገጸ ባሕርይዋን ራሷን እንድትቃረን ማድረግ ነው።

ከሁሉ ትልቁ የተተወው ፕላኔት ኤም4-78 ነው፤ ሮቦቶች ብቻ የሚኖሩበት ዓለም። እሱ ኤም4-78 ኢኤፒ በሚባል ለብቻው ሞድ ይመጣል፣ ሥራውን ለማስኬድም ቲኤስኤልአርሲኤም ቀድሞ መኖር አለበት። መለየታቸው ልክ ነው። ከፕላኔቱ የተረፈው ቁሳቁስ ትንሽ ስለነበር የጎደለው በአዲስ ሥራ ተሞልቷል፤ ያም ማስመለስ ሳይሆን መፍጠር ነው። አጨዋወቱም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፦ ከአንድ ጫፍ ያለውን ሮቦት አናግሮ ሌላ ጫፍ ያለው ኮንሶል ጋ ሄዶ፣ ተመልሶ ሪፖርት አድርጎ፣ ደግሞ መሄድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጌሙን የሚጫወት ሰው አይጫነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ላይ ያለ፣ የቀረችውንም ሁሉ ማየት የሚፈልግ ይጫነው።

አንድ ቅሬታ እዚህ ይግባ። ሞዱ የተቆረጠውን መመለስና የጌሙን ስህተቶች ማረምን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚሰጠው። ስህተት እርማቱን ብቻ ፈልጎ ፋብሪካውን የማይፈልግ ሰው ምርጫ የለውም። በዚያው በ2004 የወጣውና ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰበት «ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ ብለድላይንስ» ተጫዋቾች የሠሩለት ፓች ሲጫን «መሠረታዊ ነው ወይስ ፕላስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሠረታዊው ስህተት ብቻ ያርማል፣ ፕላሱ ይዘት ይመልሳል። እዚህም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር።

አጫጫኑ ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ያስፈልጋል፤ «ሞዱ ተበላሽቷል» ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ሞዱን ሳይሆን አጫጫኑን ነው ያበላሹት።

ስቲም ላይ ለሚጫወት ሁለት መንገድ አለ። በ2015 አስፓየር የተባለው ድርጅት ባወጣው ማሻሻያ ጌሙ የስቲም ወርክሾፕን መጠቀም ጀመረ፤ አንድ ጊዜ «ሰብስክራይብ» ብሎ ሞዱን ማውረድ ይቻላል። ሁለተኛው ኢንስቶለሩን ለብቻው አውርዶ በእጅ መጫን ነው። ሌላ ምንም ሞድ ላለመጨመር የቆረጠ ሰው ወርክሾፑ ይበቃዋል። ሌላ አንድ ሞድ እንኳ ካሰበ ግን በእጅ ይጫን። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወርክሾፕ ፋይሎቹን ጌሙ ፎልደር ውስጥ አያስቀምጥም፤ ወርክሾፕ ኮንቴንት በሚለው ሥር 208580 የሚል ቁጥር ያለው ፎልደር ውስጥ ለብቻቸው ያኖራቸዋል። ሌሎች ሞዶች ደግሞ ሲጫኑ የሚያዩት የጌሙን ፎልደር ብቻ ነው። የቲኤስኤልአርሲኤምን ፋይል አግኝተው እላዩ ላይ መጨመር ሲገባቸው የድሮውን ኦሪጅናል ፋይል ያርማሉ። ሁለቱ ጌሙ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ከሁሉ የከፋው በወርክሾፕም በእጅም አብሮ መጫን ነው፤ አንዱ ይመረጥ።

በእጅ ሲጫን የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው። ጌሙን ከስቲም ማራገፍ የጌሙን ፋይሎች ያነሳል እንጂ ሞዶች የጨመሯቸውን አይነካም፤ ኦቨርራይድ የሚባለው ፎልደር ከነአሮጌ ፋይሎቹ ይቀራል። ስለዚህ ካራገፉ በኋላ የቀረውን የጌሙን ፎልደር ገብቶ በእጅ መሰረዝ፣ ከዚያ እንደ አዲስ መጫን፣ አንድ ጊዜ ከፍቶ ዋናው ሜኑ ድረስ መድረሱን አይቶ መዝጋት። ኢንስቶለሩ የት ልጫን ብሎ ሲጠይቅ የሚመረጠው ኤስደብልዩኮቶር2 የሚለው የጌሙ ማስነሻ ፋይል በቀጥታ ያለበት ፎልደር ነው። አንድ ደረጃ ከላይ ወይም ኦቨርራይድ ውስጥ ካመለከቱት «በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል» ይላል፣ ጌሙ ውስጥ ግን ምንም አይለወጥም። መሳካቱን ለማረጋገጥ ዳያሎግ ዶት ቲኤልኬን ማየት ነው፦ መጠኑና ቀኑ ከመጫኑ በፊት ከነበረው ካልተለወጠ ሞዱ ሌላ ቦታ ነው የገባው።

ቋንቋም ይታሰብበት። ሞዱ የጌሙን የጽሑፍ ሰንጠረዥ በራሱ ስለሚተካ በሌላ ቋንቋ የተጫነ ጌም ላይ የእንግሊዝኛውን ዕትም መጫን ጽሑፉን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይረዋል።

ከዚያ ቅደም ተከተል። ቲኤስኤልአርሲኤም ከሁሉም ይቀድማል፣ ኤም4-78 ከተፈለገ ቀጥሎ፣ ሌላው ሁሉ ከእነሱ በኋላ። ይህ ደንብ የሚመጣው ጌሙ ፋይል ከሚፈልግበት መንገድ ነው። አንድ ፋይል ሲጠራ ኤንጂኑ (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) መጀመሪያ ኦቨርራይድን ያያል። እዚያ ካጣ ሞጁልስ ፎልደር ውስጥ ሞድ የሚል ቅጥያ ያለውን የዚያን ቦታ ፋይል፣ እሱ ከሌለ ሪም የሚለውን ኦሪጅናል፣ በመጨረሻ ቢፍ የሚባሉትን ትልልቅ ጥቅሎች። ቲኤስኤልአርሲኤም ብዙውን እርማት ያስቀመጠው ሞጁልስ ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ቦታም እሱ ነው። አንድ የ2006 ትንሽ ሞድ ተመሳሳይ ስም ያለው ዲኤልጂ ኦቨርራይድ ውስጥ ከጣለ ግን ያ አሮጌ ፋይል ያሸንፋል፣ የዚያ ገጸ ባሕርይ የተመለሰ ንግግርም በዝምታ ይጠፋል። ስህተት መልዕክት የለም፣ ክራሽ የለም። ተጫዋቹ «እዚህ ጋ ትዕይንት አለ ተብሎ ነበር» እያለ ያልፋል።

ቱዲኤ የሚባሉት ሰንጠረዦችም እንዲሁ ናቸው። የፎርስ ኃይሎች፣ የመልክ ዝርዝር፣ የተለዋዋጮች መዝገብ ሁሉ በእነዚህ ፋይሎች ነው የሚኖሩት። በቲኤስኤል ፓቸር የሚጫን ሞድ ያለውን ሰንጠረዥ ከፍቶ ከታች አዲስ ረድፍ ይጨምራል፤ ደህና ነው። «ይህንን ፋይል ኦቨርራይድ ውስጥ ገልብጡ፣ ተካው ሲላችሁ እሺ በሉ» የሚል ሞድ ግን ሙሉውን ሰንጠረዥ ይዞ መጥቷል፤ የቲኤስኤልአርሲኤም ረድፎች በዚያ ቅጽበት ይጠፋሉ። «ልተካ?» የሚል ጥያቄ በመጣ ቁጥር ምን እንደሚተካ ሳያዩ እሺ አለማለት ነው።

የድሮ ሴቭ ይዞ መቀጠል አይሆንም። ይህ ማስጠንቀቂያ ሁሉም ሞድ ላይ ስለሚጻፍ ሰው ይንቀዋል፤ እዚህ ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። ጌሙ አንድን ቦታ አንዴ ከጎበኙት የቦታውን ሁኔታ፣ ማን የት እንደቆመ፣ የትኛው ቀስቃሽ መሬት ላይ እንዳለ፣ ሴቩ ውስጥ ይገለብጠዋል። ተመልሰው ሲገቡ ከሴቩ ነው የሚያነበው እንጂ ከሞዱ አይደለም። የንግግር ፋይሎቹ ግን በየጊዜው አዲስ ይነበባሉ። ስለዚህ የሚያገኙት ግማሽ ሞድ ነው፦ ገጸ ባሕርይዋ አዲሱን ንግግር ትናገራለች፣ የሚቀጥለውን ትዕይንት የሚያስነሳው ቀስቃሽ ግን በዚያ ቦታ አልተተከለም። ተልዕኮው እዚያው ይቆማል። ከፔራገስ፣ ከመጀመሪያው፣ መጀመር ነው።

ሌላ የሚያሳስት ነገር የስቲም «የፋይሎችን ደህንነት አረጋግጥ» የሚለው አማራጭ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው፤ እዚህ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ይወስዳል። ስቲም ዳያሎግ ዶት ቲኤልኬ ከኦሪጅናሉ እንደሚለይ ያይና በኦሪጅናሉ ይተካዋል፤ ሞዱ የጨመራቸውን ሌሎች ፋይሎች ግን ስለማያውቃቸው ይተዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ንግግሮቹ የሚጠሩት ተራ ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ድምፁ እየተሰማ ጽሑፉ ባዶ ይሆናል ወይም ፈጽሞ የማይገናኝ ዓረፍተ ነገር ይታያል። ይህ ምልክት ከታየ መድኃኒቱ አጽድቶ ከመጀመሪያው መጫን ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሁሉም ሞድ ገብቶ ሲያበቃ ኦቨርራይድን፣ ሞጁልስንና ዳያሎግ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ማስቀመጥ በኋላ ሰዓታት ያተርፋል።

በማክ ላይ የጌሙ ፋይሎች አፕሊኬሽኑ ውስጥ ተጠቅልለው ነው ያሉት፤ «የጥቅሉን ይዘት አሳይ» ብሎ ከኮንቴንትስ ሥር አሴትስ የሚለውን መክፈት ነው። ሊኑክስ ትልልቅና ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ስለሚለይ፣ የአስፓየሩ የሊኑክስ ዕትም ላይ የሞዱ ፋይሎች ስም በሙሉ በትንንሽ ፊደል ካልሆነ ጌሙ አያገኛቸውም።

በሞዱ የሚሳበብ፣ ሞዱ ግን የሌለበት አንድ ችግርም አለ። ከውጊያ በኋላ ገጸ ባሕርዩ ቦታው ላይ ተተክሎ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ካሜራው ይዞራል፣ ሜኑው ይከፈታል፣ እግሩ ብቻ እምቢ። ይህ የኤንጂኑ የቆየ ጉድለት ነው፤ በሰከንድ ከ60 ፍሬም በላይ ሲሄድ ይመጣል። ቪሲንክ የሚባለውን የምስል ቅንብር ማብራትና ስክሪኑን 60 ኸርዝ ላይ ማሰር ይፈታዋል። ያለ ሞዱም ያጋጥማል።

በኮንሶል ለሚጫወት ሰው የሚነገረው አጭር ነው፣ ደስም አይልም። በኤክስቦክስ የሚገኘው ያው የ2004ቱ ጌም ነው። የኒንቴንዶ ስዊች ዕትም በጁን 2022 ሲወጣ አስፓየር በማስታወቂያው ላይ የተመለሰው ይዘት በነፃ ተጨማሪ ሆኖ እንደሚመጣ አሳይቶ ነበር። በጁን 2023 ተሰርዟል ተባለ፤ ያንን አምነው የገዙ ሰዎች በቀጣዩ ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ማስታወቂያውን ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ስዊቹን ለመግዛት የሚያስብ ካለ፣ የታየው ነገር አይመጣም። የተቆረጠ ነገር በይፋ ሲመለስ ማየት ብርቅ ስለሆነ ነው ያ ማስታወቂያ ያን ያህል ሰው የሳበው። ኒንቴንዶ በ1995 ጨርሶ የሰረዘውን «ስታር ፎክስ 2» ያወጣው ከ22 ዓመት በኋላ በ2017 ነው፤ ሴጋ የ«ሶኒክ 2»ን የተሰወረ ቤተ መንግሥት የተባለ ደረጃ በ2013 የስልክ ዕትም ላይ ጨርሶ አካተተው። ከእነዚህ ሌላ ብዙ ምሳሌ መጥራት ይከብዳል።

በአንድ ዙር የተመለሰውን ሁሉ ለማየት መሞከር ከንቱ ነው። ወንድ ሆነው ከተጫወቱ ሀንድሜደን፣ ሴት ከሆኑ ዲሳይፕል ነው ጓድ የሚሆነው፤ ወደ ብርሃን ካዘነበሉ ሚራ፣ ወደ ጨለማ ካዘነበሉ ሃንሃር ይመጣል። ማላኮር ላይ የሚታየውም እንደ ጓዱ ይለያያል። ለመጀመሪያው ዙር ብርሃኑ ይመረጥ፤ ሚራ ከሃንሃር የተሻለ ንግግር አላት። በዚያ ዙር ፋብሪካው ከሰለቸ ሁለተኛው ላይ ኤችኬን ሳይጠግኑ መተው ነው። 4ቱ ክፍሎች ካልተገጠሙለት መርከቡ ጥግ ላይ እንደተኛ ይቀራል፣ ፋብሪካውም በሩን ዘግቶ ያልፋል።